ሃንስ የቱ ነው? በ1700ዎቹ መጀመሪያ ፔንስልቬንያ የሰፈረ ሜኖናይት ቅድመ አያትን የማፈላለግ ዝርዝር መመሪያ

አማቴ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ጠርዟ የተበላ ቀጭን ደብተር አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ልጆችሽ የአባታቸውን ወገን ይወቁ» አሉኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «የመጀመሪያው አያታችን ሃንስ በ1717 ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ከስዊዘርላንድ መጣ።» ከየት እንደተገኘ አይናገርም። ማን እንደጻፈውም አይታወቅም።

የምኖረው ፔንስልቬንያ ውስጥ ላንካስተር ካውንቲ ነው። ባለቤቴ የሜኖናይት ቤተሰብ ልጅ ነው። ሜኖናይት የሚለው ስም ለብዙ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጅማሬ ከዚሁ አካባቢ ወደ አገራችን ከሄዱ ሚሲዮናውያን ጋር የተያያዘ ነው። ናዝሬት የኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ውስጥ ሲያክሙ የነበሩትም እነሱ ናቸው። እንግዲህ የነሱ አያቶች እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄ ለኔ ሁለት ጊዜ የቤት ጉዳይ ነው።

ያችን አንድ መስመር ማጣራት አራት ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ዓመት እንዳለ ባከነ። አንድ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ስሙም ዓመቱም የሚገጥም ሃንስ አገኘሁና እሱን ተከትዬ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄድኩ። በኋላ ሲጣራ ሰውዬው የጎረቤት ሃንስ ነበር። እናንተም እዚያ ጉድጓድ እንዳትገቡ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚከብድ እንረዳ

እኛ ሰባት ቤት መቁጠር እናውቃለን። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን ስንወጣ እያንዳንዱ ስም አንድ ደረጃ ነው። የእነሱ ግን የቤተሰብ ስም ለሁሉም አንድ ነው። የመጀመሪያ ስም ደግሞ ከጥቂቶች ውስጥ ይመረጣል፦ ሃንስ፣ ያኮብ፣ ክርስቲያን፣ ማርቲን፣ ሃይንሪክ። አያትየው ሃንስ ከሆነና ሦስት ወንዶች ልጆች ካሉት፣ ሦስቱም አንድ ልጃቸውን ሃንስ ሊሉት ይችላሉ። በአንድ ታውንሺፕ (የካውንቲ ክፍል ነው) በአንድ ዘመን አራት ሰው በአንድ ሙሉ ስም ይጠራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ጥምቀት ነው። እኛ ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ሜኖናይቶች ግን ሕፃን አያጠምቁም። ሰው አድጎ፣ አምኖ፣ ራሱ ሲጠይቅ ነው የሚጠመቀው። ስለዚህ የጎረቤቶቻቸው የሉተራንና የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት የሚይዙት ዓይነት የሕፃናት ጥምቀት መዝገብ የላቸውም። የ1700ዎቹ ጉባኤዎቻቸው የአባላት መዝገብም እምብዛም አልነበራቸውም። አንድ ሰው «በ1725 ላንካስተር ውስጥ በዚህ ቀን ተጠመቀ» ብሎ የሜኖናይት ሕፃን ቀን ቢያሳያችሁ፣ ያን ቀን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

ሦስተኛው ሽሽት ነው። ሜኖናይቶች ሕፃን ከማያጠምቁት አናባፕቲስት ከሚባሉት ወገኖች ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ደግሞ አናባፕቲስት መሆን ወንጀል ነበር። ዙሪክ በ1614 ሃንስ ላንዲስ የተባለውን ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት አንገቱን ቀልታዋለች። በርን ደግሞ ታስር፣ ንብረት ትወርስ፣ ከአገር ታባርር ነበር። እንዲህ ያየ ሕዝብ መንግሥት መዝገብ ላይ ስሙን ለማስፈር አይቸኩልም። መቃብራቸው እንኳ ብዙ ጊዜ በእርሻቸው ዳር ነው። ድንጋዩ ላይ የስም መነሻ ፊደልና ዓመት ብቻ ይቀረጻል፤ ምንም ያልተጻፈበትም አለ።

አንድ፦ ከመርከቡ አትጀምሩ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ መርከቡን ነው የሚፈልገው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጀምሩ ከምታውቁት። ከባለቤታችሁ፣ ከአማታችሁ፣ ከአማታችሁ አባት። እያንዳንዱን ወላጅና ልጅ በሰነድ እያያዛችሁ ወደ ኋላ ውጡ።

የቅርቡ ዘመን ቀላል ነው። ፔንስልቬንያ የልደትና የሞት ምዝገባን በግዛት ደረጃ የጀመረችው በ1906 ነው። ከ1893 እስከ 1905 ያለው በየካውንቲው ይገኛል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ነው፤ ከ1850 ጀምሮ የቤቱን ሰው ሁሉ በስም ይዘረዝራል። ከ1790 እስከ 1840 ያለው ግን የአባወራውን ስም ብቻ ይጽፍና የቀረውን በቁጥር ያልፋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በመሬት፣ በግብርና በውርስ ሰነድ ነው የምትሻገሩት።

ደብተር ግዙና ገጹን በሦስት ክፈሉት። ምን ተባለ? የት አየሁት? የጻፈው ማን ነው፣ መቼስ ጻፈው? ሦስተኛው ጥያቄ ትልቅ ነው። ሰውየው በሞተ በ150 ዓመቱ የልጅ ልጅ የልጅ ልጅ የጻፈውና በሞተ በሳምንቱ ጎረቤቶቹ የጻፉት እኩል አይመዘኑም። የአማቴ ደብተር ላይ ያለው መስመር በዚህ ሚዛን «ያልታወቀ ሰው፣ ያልታወቀ ጊዜ» ሆኖ ተመዘገበ። አልጣልኩትም። ፍንጭ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

«ሦስት ወንድማማቾች ሆነው መጡ» የሚለው ታሪክ ደግሞ ግማሽ አሜሪካ ቤት አለ። ሦስት ቦታ አንድ የቤተሰብ ስም ያዩ ሰዎች ማገናኛ ሲያጡ ወንድማማች ያደርጓቸዋል። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሰነድ እስካላያችሁት ድረስ ግን ወንድማማች አትበሏቸው።

ሁለት፦ የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ መርምሩ

ብዙ ቤት ልደትና ሞት የተጻፈበት የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ደስታችሁን ያዝ አድርጋችሁ መጀመሪያ የርዕሱን ገጽ ግለጡ። መቼ ነው የታተመው? ክሪስቶፍ ሳወር ጀርመንታውን ላይ ያሳተመው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ የወጣው በ1743 ነው። በዚያ እትም ላይ የ1712 ልደት ተጽፎ ካያችሁ፣ ቢያንስ ከ31 ዓመት በኋላ የተጻፈ ነው። ከትዝታ ወይም ከሌላ ወረቀት የተገለበጠ ማለት ነው።

ቀጥሎ እጅ ጽሕፈቱን እዩ። የአሥር ልጆች ልደት በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ ወጥ ሆኖ ከተጻፈ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ተቀምጦ የጻፈው ነው። ቀለሙ እየተለወጠ፣ እጁ እያረጀ ከሄደ ግን ልጁ በተወለደ ጊዜ የተጻፈ ነው። የዚህኛው ክብደት ሌላ ነው። ሁለቱንም ፎቶ አንሱ። ገጹን ብቻ ሳይሆን ሽፋኑን፣ የርዕስ ገጹን፣ በውስጡ የተሸጎጠውን ወረቀት ሁሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ላንካስተር አካባቢ በቀለም ያጌጡ የቆዩ የጀርመንኛ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ፍራክቱር ይባላሉ። የልደትና የጥምቀት ምስክር ወረቀት የሆኑት በብዛት የሉተራንና የሪፎርምድ ቤተሰቦች ናቸው። የሜኖናይቶቹ ባብዛኛው የትምህርት ቤት የጽሕፈት አብነት፣ በመጽሐፍ ገበታ ላይ የተሳለ የባለቤት ስም፣ ወይም የቤተሰብ ዝርዝር ነው። ስለዚህ የጥምቀት ፍራክቱር ካገኛችሁ፣ ያ ወገን በዚያ ዘመን ሜኖናይት ላይሆን ይችላል ብላችሁ አስቡ።

ሦስት፦ ስሙን በጆሮ ስሙት

ጸሐፊው እንግሊዛዊ፣ ተናጋሪው ስዊስ ነው። ጸሐፊው የሰማውን ጻፈ። ስለዚህ ስሙን በፊደል አትፈልጉት፤ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ፈልጉት። ማይሊ ማይሊን ሆኗል። ኩንዲግ ኬንዲግ፣ ብሩባኸር ብሩቤከር፣ ሁበር ሁቨር፣ ሼንክ ሻንክ፣ ጉት ጉድ ሆነዋል። ተተርጉሞ የተቀየረም አለ፤ ጽመርማን አናጢ ማለት ስለሆነ ካርፔንተር ተብሏል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ስም በፓስፖርት ላይ በአራት ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊገርመን አይገባም።

የመጀመሪያ ስምም ያጥራል። ሃንስ የዮሐንስ ማሳጠሪያ ነው፤ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ብሎ ይጽፈዋል። ኡልሪክ ኡሊ ይሆናል። ስለዚህ ሃንስና ጆን ሁለት ሰው ናቸው ብላችሁ አትቁጠሩ፤ አንድ ናቸው ብላችሁም አትቸኩሉ።

«ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የሚለውም ወጥመድ ነው። በዚያ ዘመን አባትና ልጅ ማለት ብቻ አልነበረም። በአንድ ሰፈር ሁለት ሃንስ ካሉ ትልቁ ሲኒየር፣ ትንሹ ጁኒየር ይባላል፤ አጎትና የወንድም ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ጭራሽ የማይዛመዱም ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ሲሞት ደግሞ ትንሹ ሲኒየር ይሆንና ያደናግራችኋል።

አራት፦ ሁለት የቀን መቁጠሪያ

እዚህ ላይ እኛ ከአሜሪካኖቹ እንሻላለን። በሁለት አቆጣጠር መኖር ለምደናል።

እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው አቆጣጠር ነበሩ። አዲስ ዓመታቸው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለው ቀን ሁለት ዓመት ይይዛል፤ «ፌብሩዋሪ 1729/30» ተብሎ ይጻፋል። እኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ብለን እንደምናሰላው ነው። በ1752 ከሴፕቴምበር 2 በቀጥታ ወደ ሴፕቴምበር 14 ተዘለለ።

አሁን ዋናው ነገር። ዙሪክና በርን አዲሱን አቆጣጠር የያዙት በ1701 ነው። ፕሮቴስታንት የጀርመን ግዛቶች በ1700። ስለዚህ አያታችሁ መርከብ ላይ ሲወጣ አዲሱን አቆጣጠር ይዞ ነው የመጣው። ቤተሰቡ በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ በአዲሱ ሲጽፍ፣ የካውንቲው ጸሐፊ በአሮጌው ይጽፋል። በ11 ቀን የሚለያዩ ሁለት የሞት ቀኖች ካያችሁ አንድ ሞት ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ኑዛዜው ከሞቱ ቀን በኋላ የተፈረመ መስሎኝ ሦስት ቀን ተጨነቅኩ። ልዩነቱ የአቆጣጠሩ ነበር።

ክዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ደግሞ ወሩን በቁጥር ነው የሚጽፉት፤ ብዙ የፔንስልቬንያ ሹማምንት ክዌከሮች ነበሩ። ከ1752 በፊት «1ኛ ወር» ማለት ማርች ነው፣ ጃንዋሪ አይደለም።

አምስት፦ መሬቱን ያዙ

ከሁሉ በላይ የምወደው ደረጃ ይህ ነው። አገራችን ርስት የሚጠይቅ ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ይቆጥር ነበር። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሬቱን ይዛችሁ ወደ ትውልዱ ትደርሳላችሁ። ስም ይመሳሰላል፤ አንድ ማሳ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

የፔንስልቬንያ አሠራር እንዲህ ነበር። ሰውየው ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ያቀርባል። «መሬቱ ይለካለት» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ዋራንት ይባላል። ቀያሹ ሄዶ ይለካና ካርታ ይሠራል። በመጨረሻ ገንዘቡ ሲከፈል የባለቤትነት ማረጋገጫው ይወጣል፤ ፓተንት ይሉታል። ሰነዶቹ ሃሪስበርግ በሚገኘው የግዛቱ ቤተ መዛግብት ናቸው፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። ለበርካታ ታውንሺፖች ደግሞ የመጀመሪያ ባለመሬቶቹን ጎን ለጎን የሚያሳይ ካርታ ተሠርቷል።

በዋራንትና በፓተንት መካከል 20 ወይም 30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እሱን ነው የምንፈልገው። ፓተንቱ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይተርካል፦ ሃንስ ሞተ፣ ለልጁ ለክርስቲያን ተናዘዘ፣ ክርስቲያን ሸጠ እያለ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ትውልድ ይገኛል።

ጥንቃቄ ግን። ዋራንቱ የወጣበት ዓመት የመጣበት ዓመት አይደለም። የዊልያም ፔን ሞት ካስከተለው የወራሾች ክርክር የተነሳ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ከ1718 እስከ 1732 ገደማ በተግባር ዝግ ነበር። ሰዉ ግን መስፈሩን አላቆመም። የ1734 ዋራንት የያዘ ሰው እዚያው ማሳ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ኖሮበት ሊሆን ይችላል።

ጎረቤቶቹን ጻፉ። ካርታው ላይ በአራቱም አቅጣጫ ማን እንደሚዋሰነው ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች አብረው የመጡ፣ የተጋቡ፣ ኑዛዜ ላይ የተመሰካከሩ ናቸው። በ1710 ለፔክዌ ሰፋሪዎች የወጣው የ10,000 ኤከር ዋራንት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የላንካስተር ሜኖናይቶች ታሪክ ከእሱ ይነሳል። ኄር፣ ማይሊን፣ ኬንዲግ የሚባሉት ቤተሰቦች መሬት ጎን ለጎን ነው፤ ልጆቻቸውም እየተጋቡ ለትውልዶች ኖረዋል። ሃንሳችሁ ከየትኛው ሃንስ እንደሚለይ የሚነግራችሁ ጎረቤቱ ነው። የኔን የተሳሳተ ሃንስ ያጋለጠውም ይኸው ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለው ሰውዬ መሬቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። የባለቤቴ ወገን መሬት ደግሞ ከወንዙ ወዲህ፣ ለሦስት ትውልድ ሳይሸጥ የቆየ።

የካውንቲ ወሰንም ልብ በሉ። ላንካስተር ከቼስተር ካውንቲ ተቆርሶ የተፈጠረው በ1729 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ወረቀት ዌስት ቼስተር ሄዳችሁ ነው የምትፈልጉት። በርክስ በ1752፣ ዶፊን በ1785፣ ሌባነን በ1813 ተፈጥረዋል። ሰውየው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ሦስት ካውንቲ ይኖራል።

ስድስት፦ ግብርና ውርስ

የቼስተር ካውንቲ የኮንስቶጋ ታውንሺፕ ግብር ዝርዝሮች ከ1718 ጀምሮ አሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከነዚህ የሚበልጥ ምንጭ እምብዛም የለም። ዝርዝሩን በየዓመቱ ተከተሉት። ዕድሜው 21 የሞላው ያላገባ ወንድ ለብቻው ተመዝግቦ የነፍስ ወከፍ ግብር ይከፍል ነበር። አንድ ስም ከወንደላጤዎቹ ዝርዝር ወጥቶ ከባለትዳሮቹ ጋር ሲገባ፣ የጋብቻ መዝገብ ባይኖርም ሰውየው መቼ እንዳገባ ገደማውን አወቃችሁ ማለት ነው። ከእናንተ ሃንስ በኋላ ሚስቱ በስሟ ግብር ከፋይ ሆና ከመጣች ደግሞ እሱ ሞቷል።

ኑዛዜ ስታነቡ ለሴቶች ልጆች ትኩረት ስጡ። «ለልጄ ለባርባራ፣ ለያኮብ እገሌ ሚስት» የሚለው መስመር የሴት ወገን ማግኛ ዋናው በር ነው። የሚስቶች የአባት ቤት ስም ሌላ ቦታ እምብዛም አይገኝም። ጀርመንኛውና የእንግሊዝኛው ትርጉም ሁለቱም ካሉ ጀርመንኛውን እዩት። ማንበብ ባትችሉ እንኳ ፊርማውን ፎቶ አንሱት፤ ቆይቶ ይጠቅማል።

ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ጉዳይ ወደ ወላጅ አልባዎች ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስሙ አያስፈራችሁ፤ እናት ብትኖርም አባት የሌላቸው ልጆች እዚያ ይቀርባሉ። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ሞግዚቱን ራሱ ይመርጣል፤ ከ14 በታች ላለው ፍርድ ቤቱ ይመርጥለታል። ስለዚህ «የመረጠ» እና «የተመረጠለት» የሚሉት ሁለት ቃላት የልደት ዓመት ይነግሯችኋል። እስከ 1794 ድረስ ደግሞ ያልተናዘዘ ሰው ንብረት ሲከፋፈል ታላቁ ወንድ ልጅ ሁለት እጅ ይወስድ ነበር። ሁለት እጅ የወሰደውን ስታዩ በኩሩን አገኛችሁ። እኔ የባለቤቴን ሐረግ ከሃንስ ጋር ያሰርኩት በዚህች ነጥብ ነው። የወንድማማቾቹ ድርሻ ሰባት ተብሎ ተከፍሎ፣ ልጆቹ ግን ስድስት ብቻ ነበሩ። ሰባተኛውን ድርሻ ማን እንደወሰደ ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሰባት፦ አሁን መርከቡ

አሁን መርከቡን መፈለግ ትችላላችሁ። ማንን እንደምትፈልጉ አውቃችኋልና።

በ1717 ሦስት መርከቦች 363 ሰው ይዘው ፊላደልፊያ እንደገቡ የግዛቱ ምክር ቤት መዝግቧል። የመዘገበው ግን ቁጥራቸውን ነው፤ የመንገደኞቹ ስም የለም። ስለዚህ ማንም ሰው ስለ 1717 «የመርከቡ ዝርዝር ላይ አየሁት» ቢላችሁ ዝርዝሩን ያሳያችሁ። የአማቴ ደብተር ላይ ያለው 1717ም በዚህ መንገድ ሊረጋገጥ አይችልም። ሊባል የሚችለው «ከዚህ ዓመት በፊት እዚህ ነበር» ብቻ ነው፤ እሱንም የግብር ዝርዝሩ ይናገራል።

ስም መጻፍ የተጀመረው በሴፕቴምበር 1727 ነው። ዕድሜያቸው 16 የሞላ ወንዶች ፊርማቸውን ያኖሩ ነበር። ሴቶችና ልጆች ባብዛኛው የሉም። ታመው መርከቡ ላይ የቀሩም አልፈረሙም። ለአንዳንድ መርከብ እስከ ሦስት ዝርዝር አለ፦ የካፒቴኑ፣ ለንጉሡ ታማኝነት የተገባበት፣ ሌላው ደግሞ ሌላ ዙፋን ጠያቂ የተካደበት። ሁሉም በ1934 በሦስት ቅጽ ታትመዋል፤ ሁለተኛው ቅጽ ፊርማዎቹን እንዳሉ ያሳያል። ከኑዛዜው ያነሳችሁት ፎቶ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ሁለቱን ፊርማ ጎን ለጎን አድርጉ። 20 ዓመት ቢለያዩም የአንድ ሰው እጅ ይታወቃል። አንደኛው ላይ ፊርማ፣ ሌላው ላይ ምልክት ብቻ ካለ ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው እጁ አልታዘዝ ብሎት ምልክት እንደሚያደርግ ግን አትርሱ።

ቀጥሎ የዜግነት ሕጎቹ አሉ። በ1729/30 ክረምት የላንካስተር ጀርመኖችን በስም ዘርዝሮ ዜግነት የሰጠ ሕግ ወጥቷል፤ አብዛኞቹ ሜኖናይቶች ናቸው። የ1740ው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ 7 ዓመት ለኖረ ሰው መንገድ ከፈተ። ሜኖናይቶች «ከቶ አትማሉ» የሚለውን የጌታ ቃል ይዘው አይምሉም፤ በመሐላ ፈንታ ያረጋግጣሉ። ዝርዝሮቹ የማለውንና ያረጋገጠውን ይለያሉ። የእናንተ ሃንስ ከማሉት መካከል ከተገኘ ምናልባት ሌላ ሃንስ ነው። ካረጋገጡት መካከል ቢገኝ ግን ሜኖናይት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ክዌከሮችም፣ ሞራቪያኖችም፣ ሌሎችም አይምሉም ነበር።

ስምንት፦ ባሕሩን መሻገር

ከዚህ በፊት ያሉትን ደረጃዎች ሳታጠናቅቁ ወደ አውሮፓ አትሂዱ። እኔ የባከነብኝ ዓመት የባከነው እዚህ ነው።

አብዛኞቹ ከስዊዘርላንድ በቀጥታ አልመጡም። በ1671 ብቻ 700 ያህል ሰው ከበርን ተባርሮ ራይን ወንዝን ተከትሎ ጀርመን ውስጥ ወዳለው ፓላቲኔት ወርዷል። የፓላቲኔት ገዢ ካርል ሉድቪግ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት የጠፋ አገሩን የሚያርስ ሰው ስለፈለገ በ1664 ፈቅዶላቸው ነበር። ፈቃዱ ግን በነጻ አልነበረም፤ ልዩ ግብር ይከፍላሉ። ለኛ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ግብር ካለ የከፋዮች ስም ዝርዝር አለ። እነዚህ የሜኖናይት ዝርዝሮች ቤተሰቡ የት መንደር እንደነበረ፣ አንዳንዴም ስንት ልጅ እንዳለው ይናገራሉ። አያታችሁ እዚያ ሁለት ትውልድ ኖሮ ሊሆን ስለሚችል «ከስዊዘርላንድ መጣ» የሚለው የአያቱ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ዋናው ቁልፍ የትውልድ ኮሚዩን (የአካባቢ አስተዳደር) ነው። እዚያ የቤተሰብ ስም ከአንድ ማኅበረሰብ ጋር የታሰረ ነው። በ1962 የትኛው ስም በየትኛው ኮሚዩን እንደተመዘገበ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። እሱን ካገኛችሁ ፍለጋችሁ ከመላው አገር ወደ ሦስት አራት መንደር ይጠባል። የዙሪክ ደብሮች ከ1634 ጀምሮ ቤተሰብን በየቤቱ የመዘገቡ ዝርዝሮች አሏቸው። በበርን ደግሞ የፍርድና የተወረሰ ንብረት መዝገቦች አሉ። መዝገቡ ላይ ልጁ መጠመቅ ሲገባው አለመገኘቱ ራሱ ፍንጭ ነው፤ ወላጆቹ አናባፕቲስት ሆነው ደብቀውት ይሆናል። ተገድደው ያስጠመቁም ስላሉ መገኘቱም ተቃራኒውን አያረጋግጥም።

የመኳንንት ሐረግ ካጋጠማችሁ ጠንቀቅ በሉ። ባለጋሻና ባለአርማ ባላባት አያት የሚጠቅሱ የታተሙ የቤተሰብ መጻሕፍት አሉ። እኛም አገር ሐረግ ወደ ላይ ሲወጣ ትልቅ ሰው ላይ ማረፍ ይወዳል። እንዲህ ያለውን ሐረግ በትውልድ በትውልድ ሰነድ ጠይቁት።

ዲኤንኤም ይረዳል፤ ግን አጠቃቀሙን እወቁ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ሁለት ሃንሶች አንድ ወንድ አያት ይጋራሉ ወይስ አይጋሩም የሚለውን በደንብ ይለያል። ተራው የምራቅ ምርመራ ግን ያሳስታል። እነዚህ ቤተሰቦች ለ200 ዓመት እርስ በርስ ተጋብተዋል። የ4ኛ ደረጃ ዘመድ ነው የሚላችሁ ሰው በአምስት መንገድ የራቀ ዘመድ ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ፦ ማጠቃለያውን ጻፉት

የምታምኑትንና የምትጠረጥሩትን ለዩ። እኔ ሦስት ቃል ነው የምጠቀመው፦ «የተረጋገጠ»፣ «የሚመስል»፣ «የተነገረ»። የሃንስ ኄር ቤት የሚባለው ጥሩ ማስታወሻ ነው። ላንካስተር ካውንቲ ውስጥ ከቀሩት መኖሪያ ቤቶች ሁሉ አንጋፋው ነው፤ የሚጠራውም በሃንስ ስም ነው። በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ግን 1719 ብሎ የልጁን የክርስቲያንን ስም መነሻ ነው የያዘው። የሠራው ክርስቲያን ነው። ድንጋዩን ያላነበበ ሰው ስሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

የሠራችሁትን አንድ ቅጂ ለአካባቢው ቤተ መዛግብት ስጡ። ላንካስተር ያለው ሜኖናይት ላይፍ የሚባለው ተቋም የቤተሰብ ጥናቶችን ይቀበላል፤ የሌሎችንም ያስነብባል። ለሞንትጎመሪና ለበክስ ካውንቲ ወገኖች ሃርሊስቪል ያለው የሜኖናይት ቅርስ ማዕከል አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ጥያቄያችሁን አጥብባችሁ ጻፉ። «ስለ ሃንስ ንገሩኝ» ብትሉ ሙሉ መደርደሪያ ያሳዩአችኋል። «በ1724 በኮንስቶጋ ግብር የከፈለው ሃንስና በ1738 ኑዛዜ ላይ የመሰከረው ሃንስ አንድ ናቸው ወይ?» ብትሉ ግን አንድ ሳጥን ይወጣላችኋል።

ባለፈው ገና የአማቴን ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከእርሳሱ መስመር ሥር እሳቸው በራሳቸው እጅ እንዲህ ጻፉ፦ «ሃንስ፣ ከ1720ዎቹ አጋማሽ በፊት እዚህ እንደነበረ የተረጋገጠ። ከፓላቲኔት፣ የሚመስል። 1717 እና ሁለቱ ወንድሞች፣ የተነገረ።» ቀኑን ጨመሩበት፤ ስማቸውንም ፈረሙ። ትልቋ ልጄ ከጎናቸው ቆማ ምንጮቹን በቁጥር ገለበጠች።